የጓያው ውሃ

«የእህል ውሃ የሚያስደፋ ልጅ ወለድሁ። ባሕር ተሻግሮ የተማረው ይኸንኑ ነው!»

የባዩ እናት አልጣሽ ነች። የምትናገረው ከአጥሩ ማዶ ላለችው ጎረቤቷ ነው፤ ድምጿን ግን ወደ ቤቱ አዙራ ነው የለቀቀችው። ባዩ ጓዳ ውስጥ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ሰማት። ጎረቤትየዋ ምን እንደመለሰች አልተሰማውም፤ ሳቋ ብቻ ተሰማው። ቀጥሎ የድስት ክዳን ጓ አለ፤ እናቱ ስትናደድ ክዳን ትከድናለች እንጂ ሰው አትሰድብም።

ቤቱ በመካነ ኢየሱስ የታችኛው ጫፍ፣ ከተማው አልቆ የእርሻው ጭቃ ከሚጀምርበት ላይ ነው። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር። ከየካቲት ወዲህ በዚህ ቤት የሚበላው ጓያ ነው። ገብሱን መስከረም ላይ በረዶ ወቀጠው። ርስታቸውን በእኩል የሚያርሰው ሰውዬ በረሰረሰው መሬት ላይ ጓያ በተነበት፤ ጓያ ደግሞ ጭቃም ድርቅም አይበግረው፣ ሌላው እህል እምቢ ሲል እሱ እሺ ይላል። ስለዚህ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ቂጣ፣ በዓል ሲሆን የጓያ ሽሮ ሆነ። ባዩ ይኸንን ሊያስቀር አልቻለም። ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ነው፦ ጓያው በሦስት እጥፍ ውሃ ይቀቀል፣ ውሃው ተጠልሎ ይደፋ፣ ፍሬው ተሰጥቶ ሲደርቅ ይፈጭ ብሎ አዘዘ። ለእሱ ይህ አንድ ቃል ነው። ለእህቱ ለውባለም ግን በየቀኑ ሁለት እንስራ ተጨማሪ ውሃ ከምንጭ መቅዳት ነው፤ ለእናቱ ደግሞ በጋውን ሠላሳ ሳንቲም የነበረ፣ ሰኔ ሲገባ ሃምሳ የሆነ የእንጨት ሸክም ነው።

ምክንያቱ በሩ ላይ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሙ ዋሴ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ በሬ ጠምዶ የዋለ ዕለት ሌሊቱን እግሩን ከበደው፤ በማግስቱ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ጓያ ሰበረው ተባለ፤ በዚህ አገር ይኸንን ለማለት ሐኪም አያስፈልግም። አሁን ጉልበትና ጉልበቱ እየተፋተገ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በረጅም ምርኩዝ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ክብሪትና አሞሌ ደርድሮ ይሸጣል፣ መንገደኛ ይተርባል።

«ጋሼ፣ የጻፍህለት ሰውዬ ዛሬም ካልመለሰልህ እኔ ልመልስልህ» አለው ባዩ ሲወጣ። «የጎደለኝ ትምህርት ነው እንጂ መልስ አይደለም።»

ጓያ በምን እንደሚሰብር ግን እናትና ልጅ አይስማሙም። አገሩ የሚለው በእንፋሎቱ ነው። ድስቱ ሲከፈት ፊት ይዞራል፤ ገለባው ላይ አይተኛም፤ ማሳው በጠዋት ፀሐይ ሲተን በመካከሉ አይታለፍም። ዋሴም በተሰበረበት ዓመት አውድማ ዳር የጓያ ገለባ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር፤ ሌላ ምስክር ማን ይፈልጋል? ስለዚህ አልጣሽ የተጠለለውን ውሃ በትኩሱ አታስደፋም። ያላወቀ መንገደኛ ቢራመደው ተሰብሮ ይቀራል፣ ኃጢአቱም የኛ ነው ትላለች። ውሃው በገንቦ ሆኖ ጓሮ፣ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ ሲወጣለት ውባለም ትደፋዋለች። ባዩ መጀመሪያ ስቆ ነበር። ኋላ ተወው። ይደፋ እንጂ ቢበርድስ ምን ቸገረኝ አለ።

እሱም ቢሆን የሚያውቀው ሰባት መስመር ነው። ለእርሻ ትምህርት ቤይሩት ተልኮ፣ በሦስተኛው ዓመት ለማንም አጥርቶ በማያስረዳው ምክንያት አቋርጦ ከመመለሱ በፊት፣ የየአገሩ መጽሔት ባጭር ባጭሩ የሚጠቃለልበትን አንድ ጥራዝ ሲያገላብጥ የጓያን ስም አየ። የዋሴ ነገር በደብዳቤ ከደረሰው ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። በህንድ አገር ያሉ አንድ ሐኪም ስለ ጓያ መርዝ፣ መርዙም በውሃ ስለሚወጣበት ዘዴ ጽፈዋል ይላል ሰባቱ መስመር። በስንት ውሃ? ስንት ሰዓት? ከዚያስ? አይልም። እሱ ያለው ሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ሙሉው ያለበትን መጽሔት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ አይገዛውም። ዋጋውን አጠያይቆ ነበር። አሁን በፍርድ ቤት በር በሃምሳ ሳንቲም ማመልከቻ ለሚጽፈው ባዩ፣ አንዱ እትም የሠላሳ ማመልከቻ ዋጋ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ገበሬ ይዘራል እንጂ አይካሰስም። ቤይሩት ሳለ ሊሰናበታቸው የሄደ ዕለት አንድ ሽማግሌ መምህሩ ሳቁበት። «መጽሔቱ ይሸጣል፣ ጸሐፊው ግን ይሰጣል። ለራሳቸው ጻፍላቸው። መጽሐፍ የጻፈ ሰው የሚርበው አንባቢ ነው።» ባዩ አላመናቸውም። ሳያምን ከርሞ ከርሞ ጥር ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስድስተኛው ወር ነው፤ እስከዚያው ቤቱን በሰባት መስመር ያስተዳድራል።

ፖስታ የሚያመጣው የጭነት መኪና ከደብረ ታቦር አርብ ማታ ይገባል፤ ጭቃ ካልያዘው። ሻንጣውን የሚያራግፈው አዱኛ ሱቅ ነው። አዱኛ ጨው፣ ጋዝና ሻማ የሚሸጥ፣ የሰው ደብዳቤ ሳይከፍት ከውጭ ዳብሶ ምን እንደሚል የሚናገር ነጋዴ ነው። ባዩን ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን አነሣ።

«ና እስቲ አንተ የነገር አባት! የህንድ ንጉሥ ጽፎልሃል።»

«ህንድ ንጉሥ የላትም።»

«ታዲያ ይኸ ሁሉ ቴምብር የማነው?» ቡናማ ፖስታ ከባንኮኒው ሥር አወጣ። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ በዝናብ ረጥቦ ደርቋል። አዱኛ ግን አልለቀቀውም። «ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።»

«ትተዋወቃላችሁ?»

«አላውቃቸውም። የጻፉትን ላኩልኝ ብዬ ለመንኋቸው፣ ላኩልኝ።»

«እጅ መንሻስ ምን ላክህ?»

«ምንም።»

አዱኛ ፖስታውን ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። «እዚህች ሱቅ አሥራ አራት ዓመት ተቀመጥሁ። ባዶ እጁን ለምኖ፣ የማያውቀው ሰው የሰጠው፣ አንተን አየሁ። አደራህን ለሌላ እንዳታወራ፤ አገሩ ይበላሻል።» ሳቀና ሰጠው። «ቴምብሩን ግን ለኔ። ዝሆን አለበት።» ባዩ ቴምብሩን ከነወረቀቱ ቀዶ ባንኮኒው ላይ ተወለት።

ቅዳሜ ፍርድ ቤት ዝግ ነው። ባዩ ከአጥሩ ሥር ካለችው ዋንዛ ጥላ፣ ዘወትር ማመልከቻ ከሚጽፍበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰማዩ ወደ ስማዳ በኩል ጠቁሯል። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። በላይኛው ማዕዘን በቀለም፣ በተንጋደደ እጅ፣ «ከጸሐፊው ሰላምታ ጋር» የሚል አለበት፤ በመካከሉም ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ተጣጥፋ ገብታለች። ሐኪሙ ከዚያ አገር ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ መዘግየታቸውን ይቅር እንዲላቸው፣ በአገሩ ያየውን ቢጽፍላቸው ደግሞ በጣም ደስ እንደሚላቸው ጽፈዋል። ባዩ ብጣሿን ሁለት ጊዜ አነበባት። አንድ የማያውቁት፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ድንጋይ ላይ የሚጽፍ ሰው ሲለምናቸው፣ ማን ነህ ሳይሉ ሰጡት። ከቤይሩት ከተመለሰ ወዲህ አንድ ነገር እንደ ተባለው ሆኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጡ ገባ። መጀመሪያው ደስ የሚያሰኝ ነበር። ውሃው በአራት እጥፍ ይሁን ይላል፤ እሱ ሦስት ብሎ ነበር፤ ብዙ አልሳተም። አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ ይላል፤ ይህን አላወቀም፤ ከነገ ጀምሮ ይዘፈዘፋል። ከመርዙ አብዛኛው ይወጣል ይላል፣ በሠንጠረዥ፣ በቁጥር። ባዩ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ከሥሩ አሰመረበት። ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራት አሰበ፤ ይኸው የዓለም ሐኪም ልጅሽ ያለውን አለ ሊላት ነው። ዝናቡ አንድ ሁለት ጠብ አለ፤ ወረቀቱን በኮቱ ከለለው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። የወጣው መርዝ አይጠፋም ይላል። ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ቢፈላም፣ ቢቀዘቅዝም፣ ቢያድርም ያው ነው። ስለዚህ የተጠለለው ውሃ ሰው ቀርቶ ከብት እንዳይቀምሰው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይደፋ።

ባዩ ቀና አለ። ጓሯቸውን በዓይነ ኅሊናው ፈለገው። የአጥሩ ሥር፣ የአመዱ ክምር፣ ጌሾው፣ ገንቦው የሚቀመጥበት ግድግዳ። ውሃ የተደፋበት እርጥብ መሬት በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን አይቶ እንደሆነ ለማስታወስ ታገለ። ውባለም ስትጠልል አይቷታል። ገንቦውን ስትሸከም አይቷታል። ስትደፋ ግን አላያትም። ሌላም ነገር መጣበት፦ ከግንቦት ወዲህ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን ሁለት ቦታ አውርዳ ታርፋለች፤ እናታቸውም «ለጥር ሙሽራ ልትባይ ነው ሰነፍሽ» እያለች ስትቆጣት ሰምቷል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። እሱም ያን ጊዜ ከእናቱ ጋር ሳቀባት። የቀረውን ገጽ እየቆመ አነበበው። አሥራ አንደኛው ላይ፣ አንድ ጊዜ እግሩ ከተያዘ በኋላ የዳነ እስካሁን አልታየም ይላል። መጨረሻው ላይ፣ ከሁሉ የሚሻለው ሌላ እህል መብላት ነው ይላል።

ቤት ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ጣሪያው ይንጠባጠብ ነበር። አልጣሽ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጓያ ትለቅማለች። ዋሴ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ክብሪቱ እንዳይረጥብ ብብቱ ውስጥ ይዞታል። ውባለም የደረቀውን ፍሬ ከሰፌድ ወደ አቁማዳ ትገለብጣለች። ባዩ ፖስታውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ሦስቱም ወደ ፖስታው አዩ።

«መጣ?» አለች ውባለም፤ ፊቷ በራ። «እኔ ዛሬ ይመጣል ብዬ ነበር!»

«የምትጠልዪውን...» ብሎ አቋረጠ። «ውሃውን የት ነው የምትደፊው?»

«የቱን ውሃ?»

«የጓያውን።»

ውባለም ሰፌዱን አራገፈችው፣ ምንም ያልቀረበትን ሰፌድ እንደገና አራገፈችው። አልጣሽ አንገቷን ሳታነሣ ትለቅማለች፤ ጣቶቿ ግን ጠጠሩንም ፍሬውንም ወደ አንድ ወገን ያደርጉ ጀመር። የጣሪያው ጠብታ ደጅ ያለውን ጣሳ ይመታል። ባዩ ሁሉም እንደሚያውቅ፣ ያላወቀው እሱ ብቻ እንደሆነ ከእጃቸው ተረዳ።

«ትጠጣዋለች» አለ ዋሴ። «ከበረደ በኋላ ነው እንጂ በትኩሱ አይደለም። እኔ እያየሁ ነው፣ ክዳኑን ከፍታ ታቆየዋለች። አንድም ቀን እንፋሎት አልነካትም።»

«ጨው አድርጌበት ነው» አለች ውባለም፣ ጥፋቷ ጨው የመጨመር ይመስል። «ወፍራም ነው ጋሼ፤ አጃ ይመስላል። ሆድ ይይዛል። የእህል ውሃ እንዴት መሬት ላይ ይደፋል? አንተ ደፋሁት ካላልሁህ ትቆጣለህ፣ እማየ ደግሞ ነውር ነው ትላለች። በመካከሉ ብጠጣው ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል ብዬ ነው። እንፋሎቱ ከወጣ ምን ቀረበት?»

ባዩ ጣሉት ብሎ ነበር። ለምን እንደሚጣል ግን ለማንም አልነገረም። እንፋሎት ሲሉት ስቆ ዝም ብሏል፤ ሰባት መስመር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ክብር የሚቀንስ መስሎት ነበር። ያ መርዝ በየቀኑ ከሦስቱ ሰዎች ምግብ ተጠልሎ ሲወጣ፣ በጨው ተቀምሞ ወደ አንዷ ሲገባ ከረመ። እሱ ባያዝዝ ኖሮ ለአራት ይከፋፈል ነበር።

«እስቲ እስከ በሩ ሂጂ» አላት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሂጂ እባክሽ።»

ሳቀች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ሄደች። ስድስት እርምጃ ነው። በአምስተኛው ላይ የግራ እግሯ ተረከዝ መሬቱን ሳይነካ አለፈ። ሰው ሊያየው የማይችል፣ እሷ ራሷም የማታየው፣ እሱ ግን በሌላ ሰው ላይ ሁለት ዓመት ያየው እርምጃ ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ስትዞር መቃኑን ያዘች። «የክረምት ቁርጥማት ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ዋሴ ምርኩዙን ከተደገፈበት አንሥቶ መሬት ላይ አስተኛው። አልጣሽ የምትለቅመውን ትታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከዚያ በነጠላው ውስጥ፣ ለማንም ሳታይ፣ «ይኸ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለች። «የሙሽራው ወገኖች ጆሮ እንዳይገባ። ጥር ድረስ ተቀምጣ ትዋል። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።»

«እማየ፣ ጓያውን መተው አለባት። ዛሬውኑ።»

«ትተው። ምን ትብላ?»

ጥያቄው የቁጣ አልነበረም። መልስ ካለ ልትሰማው ፈልጋ የጠየቀችው ጥያቄ ነበር፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ባዩ ወረቀቱን አየ። ሌላ እህል መብላት ነው ይላል ወረቀቱ። አቁማዳው ውስጥ እስከ ኅዳር የሚያደርስ ጓያ አለ፤ ከሱ ሌላ የዋሴ ክብሪትና አሞሌ ነው ያለው። አንድ ቁና ገብስ ገዝቶ ለሷ ብቻ ለማስጋገር በሳምንት ስንት ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ አሰላ፤ በሰኔ ወር ስንት እንደጻፈም ያውቃል። «አመጣለሁ» አላት። እናቱ እንደ ሰማች ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳመነች ግን አላስመሰለችም።

«ስለኔስ ምን ይላል?» አለ ዋሴ። ፈገግ ብሏል፤ ግን እንደ ቀልድ አልነበረም። «ይኸ ሁሉ ገጽ ስለ ውሃ ብቻ ነው? ስለ ተሰበረው የጻፈው የለም?»

ባዩ ገጾቹን አገላበጠ፤ የት እንዳለ እያወቀ አገላበጠ።

«ተወው» አለ ዋሴ። «ማንበብ ባልችልም ፊትህን አነባለሁ።»

ቀኑ ወደ አመሻሹ አዘነበለ። ማንም ምሳ አላቀረበም፤ ማንም አልጠየቀም። ባዩ ትንሿን ብጣሽ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋት። በአገርዎ ያዩትን ቢጽፉልኝ ይላል። የተሰጠው ሰው ምስጋና ሳይመልስ መቅረት በዚህ አገርም በዚያም ነውር ነው። የማመልከቻ ወረቀት አወጣ፣ ብዕሩን ነከረ፣ ቀኑንና ሰላምታውን ጻፈ፣ ጽሑፉ በደህና እንደደረሰው ጻፈ። ቀጥሎ ለእኒህ ሰው የሚጠቅማቸው ነገር ምን እንደሆነ አሰበ። ከእሳቸው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ፣ ከዚህ ቤት በቀር የትም ያልታየ አንድ ነገር ነበረው። «አንዲት ሴት፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ። እንደማንኛውም ሰው ማመልከቻ አድርጎ ነበር የጻፈው፤ ያ ነው ያስፈራው። የሚቀጥለውን ግን አላወቀውም።

«ውባለም፣ በቀን ስንት ጣሳ ነበር?»

«ለማን ነው?»

«ለሰውየው።»

«ስሜን ትጽፈዋለህ?»

«ስም አይጻፍም። ዕድሜና ልክ ብቻ ነው።»

እፎይ ያለች መሰለች። ከጓዳው በር መጥታ፣ መቃኑን ይዛ ቆማ፣ ብዕሩን አየችው። «ቂጣው ከናንተ ተርፎ የደረሰኝ ቀን አንድ ጣሳ» አለች። «ያልደረሰኝ ቀን ሁለት።»

ባዩ ጻፈ። «ያልደረሰሽ ቀን ስንት ይሆናል?»

ወደ እናቷ አየች፤ እናቷ ጓያውን ወደ መልቀም ተመልሳለች።

«እሱንስ አልቆጠርሁትም ጋሼ» አለች።